የፔጆዋ ቀኝ ጎን

ሰኔ 14 ቀን 1975፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የወደቡ የጭነት መመዝገቢያ ሆኖ ሳይጻፍበት የቀረ ነው። መስመሩ የተሰመረው ለከረጢትና ለሳጥን ነው፤ እኔ ግን ሐሳቤን ልመዘግብበት ነው። ላቀች «ለእኔ ከምታወራው ለወረቀት አውራው፣ ወረቀት ራሱን አያመውም» ብላኛለች። ሚስት እውነት ስትናገር መልስ የለውም።

የሚሠሩ ነገሮች፡
1. ፔጆዋን ከጫኔ ጋራዥ ማውጣት።
2. መሸጥ።
3. ለልጄ ለባዩሽና ለእኔ የአውሮፕላን ቲኬት። (አውቶቡስ አይሆንም። እግሯን ሁለት ቀን አጥፋ መቀመጥ አትችልም።)
4. ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት።
5. ነሐሴ 23 አዲስ አበባ፣ ሐኪም ፊት።

ከ2 በስተቀር ሁሉም ቀላል ነው። 2 ከሌለ ግን ከ3 እስከ 5 ያለው የለም።

ሐኪም ያለው ይህን ነው፤ አጥንቱ ጠሞ ገጥሟል፣ አዲስ አበባ ተከፍቶ በብረት ካልተቃና ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች፣ ቶሎ ከሆነ ግን ይስተካከላል። ባዩሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አደጋው ግንቦት 21፣ እሁድ፣ ከአሰብ በስተሰሜን ካለችው ከበይሉል ስንመለስ ነው የደረሰው። ግመል ገባብኝ። ቀይ ግመል። እሱን ላድን ስል መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ በቀኝ ጎኗ ድንጋይ መታች። ባዩሽ በቀኝ በኩል ነበረች። ይኸው ነው።

ሰኔ 17፣ ዓርብ

ከሥራ መልስ ጫኔ ጋ ሄድኩ። ጫኔ ባትላሜራ ነው፤ እዚሁ አሰብ ተወልዶ፣ የተጨማደደ መኪና እየቀጠቀጠ ያደገ። በሩን አቃንቶታል፣ ፓራፋንጎውንም። ከበሩ ሥር ያለውን ብረትና የቀኙን ወለል ግን ቆርጦ ጥሎት አገኘሁ። ምነው ብል፣ ጨው በልቶት ኖሮ መዶሻ ሲያሳርፍበት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ አለኝ። ወፍራም አዲስ ብረት በየደበት።

ሰው እንዳያውቅ አድርገህ ሥራው አልኩት።

«ጋሽ ይመር፣ ዓይን አታልልሃለሁ፤ እጅ ማታለል ግን አልችልም» አለ። በሩን በመዳፉ የዳበሰ ሰው ስቱኮው የተለቀለቀበትን ያገኘዋል። ለካ ስቱኮ ብረት አይደለም። እንደ ሊጥ ተለቅልቆ የሚደርቅ ነገር ነው። የእኔ በር ግማሹ ሊጥ ነው ማለት ነው።

ከዚያ እጁን እየጠረገ ግመሉ የማን እንደነበር ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ሞተ ወይ አለኝ። አልሞተም፣ ሁለቱም ሮጡ አልኩ።

«ሁለት ነበሩ?» አለ ጫኔ።

የሰው ነገር መጠየቅ ይወዳል።

ሰኔ 20፣ ሰኞ

መኪናዋ ቤት ገባች። ችግር፡ ቀኟ በአዲስ ቀለም ያበራል፣ ግራዋን ደግሞ የአሰብ ፀሐይ አሥር ዓመት ልሶታል። ከሩቅ የሁለት ሰው መኪና ትመስላለች። ጫኔ እንዳለኝ መድኃኒቱ ወይ ሙሉ ቀለም ነው ወይ ፀሐይ። ሙሉ ቀለም የተቀባች መኪና ያየ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ሊደብቁ ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ፀሐይ።

ፕሮግራም አወጣሁ። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አፍንጫዋን ወደ በይሉል፣ ቀኟ የጠዋቱን እንዲያገኝ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ደቡብ፣ ቀኟ የከሰዓቱን እንዲያገኝ። ግራዋ በቃው።

ዛሬ ሳዞራት ባዩሽ ደጃፉ ላይ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ታየኝ ነበር።

«አባባ፣ ስትጨርስ እኔንም አዙረኝ» አለች።

ላቀች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሰኔ 22

መርከብ ገብቷል። ስንዴ። ፋታ የለም። ሀብቴ፣ አብሮኝ ጭነት የሚመዘግበው፣ ያለው፡ የተመታች መኪና ምንም ብትጠገን የዋጋዋን ሲሶ ትጥላለች። አሁን ገዢዎች ማግኔት ይዘው ነው የሚዞሩት። ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ማግኔት ከየት ይገኛል? ከተበላሸ ሬዲዮ።

ሰኔ 23

ማግኔት ተገኘ። በሩ ላይ ሦስት ቦታ ወደቀ። አራተኛውን አልሞከርኩም።

ሰኔ 26፣ እሁድ

ገዢ መጣ። ጃቢር ይባላል፤ የበይሉል ሰው፣ ዓሣ በበረዶ እያመጣ አሰብ የሚሸጥ። ለበረዶ ወደ ወደቡ ሲመጣ ከሩቅ ሰላም እንባባላለን እንጂ ሌላ ትውውቅ የለንም። ፔጆዋ እንደምትሸጥ ሰምቷል። አንዱን ወንበር አውጥቶ ዓሣ ሊጭንባት ነው።

አሰላሙ ዓለይኩም ብሎ ገባ። መኪናዋን አየት እንኳ ሳያደርግ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጾም ላይ ስለሆነ ላቀች ያቀረበችው ውሃ አልተነካም።

«እሺ ይመር፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?» አለኝ።

ሰላም ነው አልኩ።

ዝም ብሎ ጠበቀ። ከዚያ የራሱን ወሬ ይነግረኝ ጀመር። የማን ጀልባ እንደተቀደደ፣ በየትኛው ጉድጓድ ውሃው እንደጨመረ፣ ዒድ መንደር ማን እንዳገባና ስንት ፍየል እንደታረደ። አንድም ነገር ሳያስቀር፣ እንደኔ መዝገብ በተራ በተራ። ሲጨርስ «አንተስ?» አለኝ።

ሰላም ነው አልኩ እንደገና።

ባዩሽ በምርኩዝ አለፈች። ምን አገኛት አለ።

«ከደረጃ ወድቃ ነው» አልኩ።

ቤታችን ደረጃ የለውም። ጎረቤቶቻችንም የላቸውም። መንደሩ በሙሉ ከመሬት ጋር እኩል የተሠራ የሠራተኛ ቤት ነው። ደረጃ ከየት መጣልኝ? ባዩሽ ወለል ወለሉን አየች።

መኪናዋስ ደህና ናት ወይ አለኝ። ደህና ናት አልኩ። ራሱን ነቀነቀ፣ ተነሳ፣ ጨበጠኝ፣ ሄደ። መኪናዋን በጣቱ እንኳ አልነካም።

ለጾመኛ ዋሸሁ። እሱ ከንፈሩ ደርቆ፣ እኔ ውሃዬን ጠጥቼ።

ሰኔ 28

ለምን እንዳልነገርኩት፡
1. ሲሶ ይወድቃል።
2. ሲሶ ከወደቀ ቲኬቱ ለአንድ ሰው ነው። ባዩሽ ብቻዋን፣ በምርኩዝ፣ አዲስ አበባ።
3. አልጠየቀኝም።

3 ውሸት ነው። ጠይቆኛል።

ሐምሌ 3፣ እሁድ

ሌላ ገዢ። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተዛወረ መሐንዲስ፣ መነጽሩ ጥቁር፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ማግኔቱን በክር አስሮ ከኪሱ አወጣ። ኮፈኑ ላይ ተጣበቀ። ግራ በር፣ ተጣበቀ። ወደ ቀኝ ሲዞር እኔ ስለ ሞተሩ ማውራት ጀመርኩ። እየሰማኝ ማግኔቱን አስጠጋ። ወደቀ። አነሳ፣ ዝቅ አድርጎ አስጠጋ። ወደቀ።

ፈገግ አለ። ግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ አለ። ግመል ነው፣ ቀላል ግጭት ነው፣ ነጭ ግመል በጨረቃ ብርሃን ድንገት ገብቶ ነው ስለው፣

«ወንድሜ፣ አንዴ የተሰበረ ነገር ምንም ቢጠገን የተሰበረ ነው። ዋጋው እንደ በፊቱ አይሆንም፤ ማንም አይወስደውም» አለኝ።

ባዩሽ ደጃፉ ላይ ነበረች።

ሊብሬውን ከእጁ ነጠቅሁት። አልሸጥም፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ አልኩት። ሰውየው ደንግጦ ሄደ። ላቀች ግማሹም ቢሆን ለቲኬት ይሆን ነበር አለች፤ እውነቷን ነው። ለምን እንደዚያ እንደተናደድኩ አላውቅም። እሱ የሚያወራው እኮ ስለ መኪና ነው።

(አደጋው የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ጨረቃ አልነበረም።)

ሐምሌ 6፣ ረቡዕ

ጾሙ ተፈታ። ጃቢር ክንድ የሚያህል ዓሣ ይዞ መጣ። ተቀመጠ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። ሰላም ነው። የራሱን ተናገረ፤ ስለ በዓሉ፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለታመመችው እህቱ። አንተስ? ሰላም ነው። ባዩሽን እግርሽ እንዴት ነው አላት። እየተሻለኝ ነው ጋሼ አለች። እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አሁንም መኪናዋን አልነካም።

«ይህ ሰው መኪና ሊገዛ ነው የሚመጣው ወይስ ሊጠይቀን?» አለች ላቀች ዓሣውን እያጠበች።

የይለፍ ወረቀት ተገኘ። 4 ተሰረዘ። 2 እንዳለ ነው። ነሐሴ 23 ወር ከምናምን ቀን ቀረው። ከመቁጠሬ በፊት ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

የቀኙ በር ሲዘጋ ድምፁ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ጫኔ እንዲያየው ወሰድኩለት። እግረ መንገዴን እንዲህ ያለ ግራ የገባው ገዢ አለ፣ መኪናውን ሳያይ ወሬ ጠይቆኝ ይሄዳል አልኩት።

ጫኔ መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። ሲበቃው የነገረኝ ይህ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይቀመጣል። ምን አየህ ሲባል ያየውን፣ ምን ሰማህ ሲባል የሰማውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ውሃ የት እንዳለ፣ ጠብ የት እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ወሬ የደበቀ ሰው ውሃ እንደደበቀ ይቆጠራል።

«አደጋው የደረሰ ዕለት ማን ነበር?» አለኝ።

ቆጠርኩለት። ውሃ በአህያ የጫኑ ሁለት ሴቶች። በሩን በብረት ፈልቅቀው ባዩሽን ያወጡ ሦስት ወጣቶች። አንድ ሽማግሌ፤ እጄን ይዞ ከየት መጣህ፣ ማን ነህ፣ ምን ሆንክ ሲለኝ የነበረ። እኔ የምሆነውን አጥቼ ነበር። ስሜን ብቻ ነገርኩት።

«ያ ወሬ ፔጆህ እኔ ጋ ሳትደርስ በይሉል ገብቷል። በማግስቱ ደግሞ ዒድ መንደር።»

«ታዲያ ካወቀ ለምን አይጠይቀኝም?»

«ኧረ እየጠየቀህ ነው እንጂ፣ ጋሽ ይመር። ሁለቴ ጠየቀህ።»

በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣

«ደግሞ አፋር አገር ተወልጄ ባለቤት የሌለው ግመል አይቼ አላውቅም። መኪና ቢጭረው እንኳ ባለቤቱ በነጋታው ደጅህ ነበር» አለ።

ቤት ገባሁ። ዛሬ መኪናዋን ወደ ፀሐይ አላዞርኳትም።

ሐምሌ 10፣ እሁድ

ብዙ ነው የምጽፈው።

ጃቢር መጣ። ገና ጫማውን ሲያወልቅ «ጃቢር፣ ወሬ አለኝ» አልኩት። ምንጣፉ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ነገርኩት። ግንቦት 21። ከበይሉል ስንመለስ። ቀኝ ጎኗ። ጫኔ የቆረጠው ወለል፣ የበየደው ብረት፣ ሊጥ የሆነው በር። ቀለሙ እንዲደበዝዝ ለሳምንታት ወደ ፀሐይ እንዳዞርኳት እንኳ ነገርኩት። እሱ በእያንዳንዱ ነገር «እህ» ይላል። ላቀች ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ባዩሽም በሩ ጋ።

«ከዚያ ግመል...» አልኩና ቆምኩ።

ጃቢር ጠበቀ። ሐበሻ ቢሆን ኖሮ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስልኝ ነበር።

«ግመል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ መርከብ ላይ ነበርኩ። እየነዳሁ እንቅልፍ ወሰደኝ» አልኩ።

ጨረስክ ወይ አለኝ። ጨረስኩ አልኩ።

ከዚያ ያንኑ ታሪክ መልሶ ለእኔ ነገረኝ። ጎማው ከመንገዱ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እንደወጣ፣ ፍሬን የተያዘበት ምልክት እንዳልነበረ ሽማግሌው አይቷል። ልጄን ታቅፌ ስሮጥ አንድ ጫማዬ አሸዋው ውስጥ እንደቀረ፣ የራሴ ግንባር እየደማ ደሙ የእሷ መስሎኝ ልብሷን ስፈትሽ እንደነበር። ይሄን እኔ አላውቀውም ነበር። ጫማው ሽማግሌው ቤት አለ፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ተቀምጧል።

«ሁሉን ካወቅህ ለምን ሦስቴ ተመላለስክ?» አልኩት።

«መኪናዋን አውቃታለሁ። የምገዛው ግን ከሰው ነው። አገር ያየውን የደበቀኝ ሰው፣ ሞተር ውስጥ ያለውን ይነግረኛል?»

መልሴን ሳይጠብቅ ተነስቶ ወጣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ እንዳለ ፔጆዋ ሥር በጀርባው ገባ። በቀኝ በኩል ብረቱን በጣቱ አጥንት አንኳኳ፤ ድፍን ያለ ድምፅ። በግራ በኩል አንኳኳ፤ የዛገው ብረት ተፈረፈረና ጣቱ ገባ። ከሥር ሆኖ ሳቀ።

«አይ ይመር፣ ምነው ግራዋንም ድንጋይ ባገኛት!»

ሲወጣ እንዳስረዳኝ፣ በዚህ ባሕር ዳር መኪና የሚሞተው በግጭት አይደለም፣ በጨው ነው፤ ከታች ተበልቶ። የተመታው ጎን አዲስ ብረት አግኝቷል፣ አሥር ዓመት ይሄዳል። ያልተመታው ነው ችግሩ። ስለ ስቱኮውስ ብለው «እሱ ለከተማ ሰው ነው። እኔ የምጭነው ዓሣ ነው፤ ዓሣ በር አይዳብስም» አለኝ።

እናም ዋጋ ቀነሰ። የቀነሰው ግን ለግራው ነው። ለቀኙ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። የተቀነሰው ተቀንሶ ሁለት ቲኬት ይሆናል፣ ሐኪሙ ይገዛ ያለውም ብረት ይሆናል፣ ማደሪያም ይሆናል። ሦስቴ ደመርኩት። ላቀች በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ጓዳ ገባች።

እሱ ከሄደ በኋላ እኔና ባዩሽ ደጃፉ ላይ ቀረን።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነቅቼ ነበር» አለችኝ። «ራስህ ሲወድቅ አየሁ። ልጠራህ ስል አልደረስኩም። ሌሊቱን እንደሠራህ እያወቅሁ እሁድ ነው እንሂድ ብዬ የጨቀጨቅሁህ እኔ ነኝ። ግመል ስትል... ዝም አልኩ። ለሁለታችንም ይሆናል ብዬ።»

ይህን ሁሉ ሳምንት እሷም ግመሉን ስትጎትት ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ያለችው ተቀይማኝ መስሎኝ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ልደረድርላት አስቤ ተውኩት። ራሷን ይዤ ግንባሯን ሳምኳት።

ቀና ብላ «ደረጃውን ግን ከየት አመጣኸው?» አለች።

ላቀች ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ ድረስ ሳቅን።

ሐምሌ 17

ሊብሬው በጃቢር ስም ዞረ። 2 ተሰረዘ። ሲሄድ ካምቢዮው ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ እንደሚያስቸግር፣ ራዲያተሩ በቀን አንዴ ውሃ እንደሚፈልግ፣ የኋላው መስኮት በእጅ ካልተደገፈ እንደማይዘጋ ነገርኩት። ያልጠየቀኝን ሁሉ። በቃ በቃ፣ አልገዛም እንዳልል አለኝ እየሳቀ።

ሀብቴ ማግኔት ያልያዘ ገዢ ከየት አገኘህ ብሎ ይገረማል። ማግኔቱን ሰጠሁት።

ሐምሌ 24

ቲኬት ተቆረጠ። ሁለት። በእግሬ ነው ሥራ የምሄደው፤ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ እንቅልፌ ግን ጥሩ ነው።

ነሐሴ 27፣ ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ዝናብ ነው። ብርዱን ረስቼው ኖሯል። ባዩሽ የላቀችን ሹራብና የእኔን ሹራብ ደርባ ተኝታለች። ማክሰኞ ገብታ በደህና ወጣች። ሐኪሙ አጥንቱ በደንብ ቀንቷል፣ ከሦስት ወር በኋላ ትሄዳለች አለ። ማነከስስ ብለው፣ ራሷ ካልፈለገች አታነክስም አለ። ቢሮዬ ስልክ ደውዬ ሀብቴ ለላቀች እንዲነግራት አደረግሁ። ሀብቴ ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ። ሰኞ ስንቀርብ ሐኪሙ ፎርም ይሞላ ነበር። ወጣት ነው፣ ቸኩሏል። ስም፣ አድራሻ፣ ከዚያ «እንዴት ነው የተሰበረው?» አለ። ባዩሽ ወደ እኔ ዞረች። ጠበቀች፣ ልክ እንደ ጃቢር።

«እኔ እየነዳሁ እንቅልፍ ወሰደኝ» አልኩ።

ጻፈው። ከወንበሬ ሆኜ አየሁት፤ ግማሽ መስመር እንኳ አልሞላም። ቀና ሳይል ቀጥሎ «ዕድሜ?» አለ።

«የእኔ ነው የእሱ?» አለች ባዩሽ።